ዘንድሮ ምንም አልጽፍም አልኳቸው

ጥያቄ

ጤና ይስጥልኝ። ዓምዱን ሁሌም አነባለሁ፤ ስጽፍ ግን ይሄ የመጀመሪያዬ ነው። ጉዳዩ ሲያዩት ትንሽ ነው። ባለቤቴም «ለዚህ ደግሞ!» ይለኛል። እኔን ግን እንቅልፍ ነስቶኛል።

41 ዓመቴ ነው። ባለትዳርና የ2 ልጆች እናት ነኝ። ቤታችን ውስጥ አንድ ነገር ለምደናል። የዓመቱ የመጨረሻ ምሽት አራታችንም እንሰበሰብና ለአዲሱ ዓመት ያሰብነውን በየደብተራችን ጽፈን ጮክ ብለን እናነባለን። ያስለመድኳቸው እኔው ነኝ።

አምና የኔን አንብቤ ስጨርስ የ11 ዓመቷ ልጄ ቀና ብላ «እማዬ፣ ይሄ የካቻምናው አይደል እንዴ?» አለችኝ። ሁሉም ሳቁ። እኔም ሳቅኩ። ዘንድሮ ምሽቱ ሲቃረብ ግን ቃሏ ትዝ አለኝና ማታ ሁሉም ከተኙ በኋላ የድሮ ደብተሮቼን ከቁም ሳጥን አወጣኋቸው። 7 ናቸው። ሰባቱም ላይ ያው አምስት ነገር ነው፤ ተራ ቁጥሩ ሳይቀር። 1ኛ የመመረቂያ ጽሑፌን መጨረስ። 2ኛ ክብደት መቀነስ። 3ኛ በየወሩ መቆጠብ። 5ኛ ልጆቼ ላይ አለመጮህ።

4ኛው የወንድሜ ነገር ነው። አባታችን 2 ዓመት ታሞ ነው ያረፈው። ያስታመምኩት እኔ ነኝ። የማስተርስ ትምህርቴንም መመረቂያው ላይ ስደርስ ያቋረጥኩት ያኔ ነው። ታላቅ ወንድሜ የሚኖረው ሩቅ ነው፤ ገንዘብ ይልካል፣ ይደውላል። ከቀብሩ በኋላ በሆነ ወረቀት ተጨቃጨቅንና ሰው ሁሉ ባለበት «አንቺ ደግሞ ምን አደረግሽ? ከጎኑ ተቀመጥሽ እንጂ» አለኝ። ከዚያ ወዲህ ለሰርግም ለለቅሶም ስንገናኝ ሰላም እንባባላለን። ሌላ ነገር የለም። ደብተሮቹ ላይ መጀመሪያ «ከወንድሜ ጋር ያለውን ጉዳይ መቋጨት» ብዬ ነበር። ቀጥሎ «ወንድሜን ማናገር»። አንዱ ዓመት ላይ «ይቅር ማለት» ብቻ ይላል። የአምናው ላይ አንድ ቃል ነው ያለው፦ «ጋሼ»።

ዘንድሮ «እኔ አልጽፍም፣ እናንተ ጻፉ» አልኳቸው። ባለቤቴ «አታካብጂው» አለኝ። ልጄ ምንም አላለችም። በማግስቱ ግን የራሷን ደብተር ገልጬ ሳይ አንዱን ገጽ ባዶ ትታ፣ ከላይ «የእማዬ» ብላ ጽፋበታለች። ይኸው አዲሱ ዓመት ከገባ ሁለተኛ ሳምንቱ ነው፤ ገጹ ባዶ ነው። ብጽፍ ራሴንም ልጆቼንም መዋሸት መሰለኝ። ባልጽፍ ደግሞ ተስፋ ቆርጫለሁ ብዬ ያስተማርኳቸው ያህል ይሰማኛል። ምን ይሻለኛል?

ባለ ሰባት ደብተሯ

መልስ

እህቴ፣ በዕድሜ ብዙም ስለማንራራቅ አንቺ ልበልሽ።

ደብዳቤሽን ሁለት ጊዜ አነበብኩት። በመጀመሪያው ንባብ ስለ ዕቅድ የተጻፈ መሰለኝ። በሁለተኛው አልመሰለኝም። ወደዚያ እመለሳለሁ።

መጀመሪያ ግን ስለዚያች ገጽ። ልጅሽ አምና ያለችሽን እንደ ወቀሳ ይዘሽዋል። እስቲ አንድ ነገር ልጠይቅሽ፦ የካቻምናውን ያስታወሰችው ለምን ይመስልሻል? የ11 ዓመት ልጅ የሰለቻትን ነገር አታስታውስም። ስታነቢ ታዳምጥሻለች ማለት ነው። ዘንድሮ አልጽፍም ስትያት አልተከራከረችሽም፣ አላለቀሰችም። ቦታ ያዘችልሽ። «ዕቅድሽን ጻፊ» አይደለም ያለችሽ፤ «ከኛ ጋር ነሽ አይደል?» ነው። ለሁለቱ የሚሰጠው መልስ አንድ አይደለም።

እና መዋሸት አይጠበቅብሽም። «ዘንድሮ አምስት ነገር የለኝም። አንድ ነው ያለኝ። እሱንም ገና እያሰብኩበት ስለሆነ ጮክ ብዬ አላነበውም» ብትያት ይበቃታል። ባይበቃትም ትጠይቅሻለች፤ መጠየቅ እንደማትፈራ አይተናል። አልጽፍም ማለት መብትሽ ነው። ምክንያቱን ሳትነግሪያቸው ዝም ብትዪ ግን ልጆች ዝምታውን በራሳቸው ግምት ነው የሚሞሉት። አብዛኛውን ጊዜ ደግሞ «በኔ ምክንያት ነው» ብለው። «እማዬ የተወችው እኔ ስለሳቅኩባት ነው» ብላ እንዳትይዘው እሰጋለሁ።

አሁን ስለ 7ቱ ደብተር። ራስሽን ከሰው ሁሉ የባስሽ ሰነፍ አድርገሽ እያየሽው እንደሆነ ከአጻጻፍሽ ገባኝ። እ.ኤ.አ. በ1980ዎቹ ጆን ኖርክሮስ የሚባል አሜሪካዊ የሥነ ልቦና ተመራማሪ ከባልደረባው ጋር ሆኖ ለአዲስ ዓመት ቃል የገቡ 200 ሰዎችን ለ2 ዓመት ተከታትሎ ነበር። የመጀመሪያዋን ሳምንት ቃላቸውን ጠብቀው የዘለቁት 77 ከመቶ ናቸው። በ7 ቀን ውስጥ ከአራቱ አንዱ ገደማ ወደቀ ማለት ነው! ከ2 ዓመት በኋላ የቀሩት 19 ከመቶ ብቻ ነበሩ። እንግዲህ ብዙኃኑ ከአንቺ ጋር ነው። ልዩነቱ ብዙ ሰው ያለፈውን ወረቀት ይጥለዋል፤ አንቺ ቁም ሳጥን ውስጥ አስቀመጥሽው።

እኔም እንዳልቀር ልንገርሽ። ለ4 ዓመት «ዋና መማር» ብዬ ስጽፍ ነበር። አንድም ቀን ውኃው አጠገብ አልደረስኩም። አምስተኛው ዓመት ላይ ብዕሬን ይዤ ቁጭ ስል ለካ ዋና አልፈልግም። የሚዋኙ ሰዎች ሲዝናኑ እያየሁ ነበር የምቀናው። ሰረዝኩት። በጣም ቀለለኝ፣ እውነቴን ነው።

ይህን ያመጣሁት ስለ ዝርዝርሽ አንድ ጥርጣሬ ስላለኝ ነው። ክብደት መቀነስና ገንዘብ መቆጠብ የሁሉም ሰው ዝርዝር ላይ አሉ። ጮክ ተብሎ ሲነበብ የሚያሳፍሩ አይደሉም፤ ሰው ሰምቶ አንገቱን ይነቀንቃል። ምናልባት የጻፍሻቸው ስለሚደመጡ ይሆን? ከሆነ ዘንድሮ ተያቸው። ሐኪም ስለ ክብደትሽ ያለሽ ነገር ካለ ሌላ ጉዳይ ነው። ካልሆነ ግን ሁለት መስመር ስትሰርዢ ማንም አይጎዳም።

5ኛውን ግን አትሰርዢው፤ ቃሉን ቀይሪው። «አለመጮህ» ሊያዝ የሚችል ነገር አይደለም። ሳትጮሂ የዋልሽበት ቀን ሲያልፍ አታይውም፤ የጮህሽበት ቀን ብቻ ነው የሚታይሽ። እ.ኤ.አ. በ2020 የታተመ የስዊድን ጥናት ከ1,000 በላይ ሰዎችን ለ1 ዓመት ተከታትሎ፣ «ይህን አደርጋለሁ» ብለው ከተነሱት ወደ 59 ከመቶ የሚሆኑት ተሳክቶልናል ሲሉ፣ «ይህን እተዋለሁ» ወይም «ከዚህ እሸሻለሁ» ካሉት ግን 47 ከመቶ ገደማ እንደሆኑ አሳይቷል። ስለዚህ ለምሳሌ «ሲያናድዱኝ መጀመሪያ ቁጭ እላለሁ» ሊሆን ይችላል። ሰው ተቀምጦ ሲናገር ድምፁ ይወርዳል። ሞክሪው፤ ቆመሽ የምትጮሂውን ያህል ቁጭ ብለሽ አትጮሂም። በርግጥ ቁጭ ብለሽም የምትጮሂበት ቀን ይመጣል። ያን ቀን ደብተሩ አይቀደድም።

እንግዲህ ሁለቱ ቀሩ፦ መመረቂያውና ጋሼ።

እነዚህን ለብቻቸው ያስቀረኋቸው ያለ ምክንያት አይደለም። ሁለቱም የተጀመሩት አንድ ሰሞን ነው። አባትሽ ታመሙ፣ ትምህርቱን አቋረጥሽ። አባትሽ አረፉ፣ ወንድምሽ «ምን አደረግሽ?» አለሽ። ያደረግሽው እኮ ይሄው ነው፤ ያልተጨረሰው ጽሑፍ። እሱ ያላየልሽ ነገር በየዓመቱ 1ኛ ተራ ቁጥር ላይ ይጻፋል፤ እሱ ራሱ 4ኛ ላይ። ላሳብር አልፈልግም፤ ምናልባት ከልክ በላይ እየተረጎምኩ ይሆናል። ግን እስቲ ራስሽን ጠይቂ፦ ያንን ጽሑፍ ብትጨርሺ መጀመሪያ ማን እንዲሰማ ትፈልጊያለሽ?

መልሱ «ጋሼ» ከሆነ፣ ሰው ላይ ያለ ቅሬታ በዲግሪ አይወጣም። 7 ዓመት ያልተነካውም ስንፍና ይዞሽ ላይሆን ይችላል። በነካሽው ቁጥር ያን ሰሞን ይዞብሽ ስለሚመጣ ይሆናል። የታማሚ አልጋ አጠገብ የተዘጋ ማስታወሻ መልሶ መክፈት ቀላል አይደለም።

በተግባር ግን መመረቂያው ላይ የምመክርሽ አንድ ነገር ብቻ ነው። ዘንድሮ «መጨረስ» ብለሽ አትጻፊ። «መጠየቅ» በዪ። ብዙ ዩኒቨርሲቲዎች ለድኅረ ምረቃ ተማሪ የጊዜ ገደብ አላቸው፤ 7 ዓመት ደግሞ ረጅም ነው። ትምህርት ክፍሉ ጋ ሄደሽ ወይም ደውለሽ «ፋይሌ አሁንም አለ? መመለስ ብፈልግ ምን ይጠበቅብኛል?» ብለሽ ጠይቂ። የአንድ ጠዋት ሥራ ነው። በሩ ክፍት ከሆነ እፈልጋለሁ ወይስ አልፈልግም የሚለውን ያኔ ታስቢበታለሽ። ተዘግቶ ከሆነም ታዝኚበታለሽ፤ ማዘን አለብሽ። ተዘግቶ ይሆን ክፍት ይሁን ሳታውቂ በየዓመቱ እየገለበጥሽ መኖር ግን ከሁለቱም ይብሳል።

ወደ ጋሼ ልመለስ።

አራቱን ነገሮች በየዓመቱ እንዳሉ ገልብጠሻቸዋል። እሱን ግን አንድም ጊዜ አልገለበጥሽውም። በየዓመቱ አዲስ አድርገሽ ነው የጻፍሽው። መጀመሪያ «ጉዳይ» ነበር፤ የሚቋጭ፣ እንደ ውል። ቀጥሎ የሚናገሩት ሰው ሆነ። ከዚያ «ይቅር ማለት» ብለሽ ማን ማንን እንደሆነ አልጻፍሽም። አላስተዋልሽው ከሆነ አስተውዪው፤ እሱን ይቅር ማለት ነው ወይስ ራስሽን? መጨረሻ ላይ «ወንድሜ» የሚለውም ቀረና በልጅነትሽ የምትጠሪው ስም ብቻ ቀረ። «ሰባቱም ላይ ያው ነው» ያልሽኝ ዝርዝር ውስጥ አንድ ነገር 7 ዓመት ሙሉ ሲንቀሳቀስ ነበር። ሌላ ሰው ምንም አልተለወጠም ሊልሽ ይችላል። እኔ አልልም።

አሁን ከባዱን ጥያቄ ልጠይቅሽ። የምትፈልጊው ይቅርታ እንዲጠይቅሽ ነው ወይስ ወንድምሽን? ሁለቱንም መፈለግ ነውር የለውም። የተናገረሽ ቃል ከባድ ነው፤ ሰው ፊት መሆኑ ደግሞ ይባስ አድርጎታል። 2 ዓመት የአባትሽን ትራስ ያገላበጥሽ አንቺ ሆነሽ «ምን አደረግሽ?» መባል ያንገበግባል። ግን ሁለቱ በአንድ ቀን ላይመጡ ይችላሉ። ይቅርታውን ቅድመ ሁኔታ ካደረግሽው ወንድምሽን ልትጠብቂው ነው፤ እሱም ምን እንደሚጠበቅበት አያውቅም። ወንድምሽን ካስቀደምሽ ይቅርታው ኋላ ሊመጣ ይችላል፤ ላይመጣም ይችላል። የትኛውን መሸከም እንደምትችዪ አንቺ ነሽ የምታውቂው። ዘንድሮም አልችልም ብትዪ አልፈርድብሽም። ያኔ እንኳን «አልተሳካልኝም» ሳይሆን «ገና ነኝ» ብለሽ ጻፊ።

ስለሱም አንድ ነገር ልበል። ለሱ ጠበቃ ልቆም ፈልጌ አይደለም። ርቆ የሚኖር ልጅ አባቱ ሲታመም ገንዘብ ይልካል፣ ይደውላል፣ ስልኩን ሲዘጋ ጥፋተኝነቱ አብሮት ይቀራል። ጥፋተኝነት ያደረበት ሰው ደግሞ ብዙ ጊዜ የሚቆጣው እሱ ያላደረገውን ያደረገ ሰው ላይ ነው። «ከጎኑ ተቀመጥሽ እንጂ» ነው ያለሽ። ከጎኑ መቀመጥ እሱ ያላገኘው ነገር ነበር። ይህ ግምት ነው፤ ተሳስቼ ልሆን እችላለሁ። ግን ያንን ዓረፍተ ነገር በዚህ ጆሮ አንድ ጊዜ ብትሰሚው ምን ይመስልሻል?

ለመጀመር ከወሰንሽ እንዴት ይጀመር? በትንሹ። ትልቁ ንግግር፣ የአባትሽ ነገር፣ ያ ወረቀት፣ ያ ቃል፣ ሁሉም ይቆዩ። ሰዎች 7 ዓመት ሲቆዩ መጀመሪያ የሚልኩት መልእክት 7 ዓመቱን ሁሉ ይይዝና ሦስት ገጽ ይሆናል። ተቀባዩም አንብቦ ምን እንደሚመልስ ይጨንቀዋል። አንቺ ሁለት መስመር ላኪ። በስልክ ድምፅ መስማት ከከበደሽ በጽሑፍ ይሁን፤ የሚጽፍ ሰው ቃሉን መልሶ ማየት ይችላል።

«ምን ይለኛል? ሊንቀኝ ይችላል» የሚል ፍርሃት እንደሚኖርሽ አውቃለሁ። እ.ኤ.አ. በ2022 የታተመ የፔጊ ሊዩና የባልደረቦቿ ጥናት ነበር፤ 13 ሙከራዎች፣ ከ5,900 በላይ ተሳታፊዎች። ያገኙት ነገር ሰው ድንገት «እንዴት ነህ?» ብሎ ሲያስታውሰን የምንደሰተው፣ አስታዋሹ ከሚገምተው በላይ መሆኑን ነው። ባልተጠበቀ ቁጥር ደግሞ የበለጠ። የነሱ ሰዎች ግን በቀብር ማግስት የተጣሉ እህትና ወንድም አልነበሩም፤ የተራራቁ ወዳጆችና የሚተዋወቁ ሰዎች ነበሩ። ስለዚህ ዋስትና ብዬ አልሰጥሽም። ፍርሃትሽ ከሚነግርሽ የተሻለ ዕድል ሊኖር እንደሚችል ግን ያሳያል።

ባለቤትሽ «አታካብጂው» ሲልሽ እንደሚያበሳጭሽ ገምቻለሁ። ክፋት አይመስለኝም፤ 4ኛው ተራ ቁጥር ምን ያህል እንደሚከብድ ነግረሽው ታውቂያለሽ? ወይስ እሱም እንደ ልጆቹ ሲነበብ ብቻ ነው የሰማው? ምክር እንዲሰጥሽ አትጠይቂው። «ስልክ በምነካበት ሰዓት አጠገቤ ቁጭ በል» በይው። ቁርጥ ያለ ነገር ሲጠየቅ የሚያግዝ ሰው ብዙ ነው።

ቀኑንም ቁረጪው። «በዚህ ወር» አትበዪ፤ «ቅዳሜ ልጆቹ ከተኙ በኋላ» በዪ። አዲስ ዓመቱ አለፈብኝ ብለሽም አትጨነቂ። የአዲስ ዓመት ቀን እንኳን በሰው ልጅ ዘንድ አንድ አይደለም። አንዱ በመስከረም ይጀምራል፣ ሌላው በጃንዋሪ፣ ሌላው ቀንና ሌሊት እኩል በሚሆኑበት በመጋቢት። ሄንግቼን ዳይ፣ ካትሪን ሚልክማንና ጄሰን ሪስ እ.ኤ.አ. በ2014 ባሳተሙት ጥናት ሰዎች ስፖርት ቤት መሄድ የሚያበዙት በዓመት መጀመሪያ ብቻ ሳይሆን በወር መጀመሪያ፣ በሳምንት መጀመሪያ፣ ከልደታቸው በኋላም እንደሆነ አይተዋል። ሰኞም ይሠራል ማለት ነው።

ልከሽ መልስ ባይመጣስ? ሊሆን ይችላል። ያን ቀን ሌሊት ስልኩን አሥር ጊዜ እንደምታዪው ልነግርሽ እችላለሁ። ከቻልሽ ሌላ ክፍል ውስጥ አስቀምጪው። ሁለት ሳምንት ስጪው፤ አንቺም 7 ዓመት ወስዶብሻል። «ደህና ነኝ፣ አመሰግናለሁ» የሚል ደረቅ መልስ ከመጣ በሩ ተከፈተ ብለሽ ያኔውኑ የአባትሽን ነገር አታንሺ። ስለ ልጆቹ ጠይቂው። ሁለት ሦስት ጊዜ እንዲህ ከተባባላችሁ በኋላ «አንድ ያላወራነው ነገር አለ፣ ሲመችህ ብናወራ» ልትዪው ትችያለሽ። ክፉ መልስ ከመጣ ደግሞ ጻፊልኝና አብረን እናስብ። መልሶ ለመስደብ ግን አትቸኩዪ፤ ማታ የተጻፈ ጠዋት ይላካል።

ልጅሽ ያስቀረችልሽ ገጽ ላይ ዛሬውኑ «ሲያናድዱኝ መጀመሪያ ቁጭ እላለሁ» ብለሽ ልትጽፊ ትችያለሽ። እሱ የእነሱም ስለሆነ ጮክ ብለሽ አንብቢላቸው። ተቆጣጣሪዎቹ እነሱ ይሁኑ፤ ደስ ይላቸዋል፣ አንቺም ትስቂያለሽ። የጋሼን የራስሽ ደብተር ላይ ለብቻሽ ጻፊው።

መልእክቱን እንድጽፍልሽ አልጠየቅሽኝም። ሰው ግን የመጀመሪያው ቃል ላይ ስለሚቆም ለመነሻ ያህል ይኸውልሽ፤ ወደ ራስሽ አነጋገር ቀይሪው።

«ጋሼ፣ ደህና ነህ? ሰሞኑን ትዝ አልከኝ። ልጆቹ እንዴት ናቸው?»

ሌላውን ሁሉ ብትቀይሪው ግድ የለም። «ወንድሜ» ብለሽ ግን አትጀምሪ።